የጆርጅ ማክጀንኪን የአጥንት ጉድጓድ

ኦገስት 27 ቀን 1908 ማታ ነው፤ በእኛ ነሐሴ 21 ቀን 1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ ኒው ሜክሲኮ፣ ከኮሎራዶ ወሰን ሥር፣ ፎልሰም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ በላይ ደግሞ ጆንሰን ሜሳ የሚሉት ከፍታ። ሜሳ በስፓኝ ቋንቋ ጠረጴዛ ማለት ነው፤ አምባ አይቶ ያደገ ሰው ግን አስተርጓሚ አያሻውም፤ አናቱ ሜዳ፣ ጠርዙ ገደል። ያን ዕለት በአምባው ላይ የወረደው ዝናብ ተጠራቅሞ ቁልቁል መጣ። ከተማዋን አቋርጦ የሚሄደው ወንዝ ስሙ “ደረቁ ሲማሮን” ነው። በዚያች ሌሊት ግን ስሙን ረሳ።

የከተማዋ የስልክ ኦፕሬተር ሳራ ሩክ የምትባል ሴት ነበረች። ጎርፉ እየመጣ መሆኑ ከላይ በኩል በስልክ ተነገራት። ሮጣ ማምለጥ ትችል ነበር፤ ከስልክ ማገናኛዋ ፊት ሳትነሣ ለየቤቱ መደወል ጀመረች። ውጡ፣ ውኃው መጣ። አንዱን ትጨርስና ወደ ሌላው ትደውላለች። በመጨረሻ ውኃው ቤቱን ከነእሷ ይዞት ሄደ። በዚያች ሌሊት ከ15 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎች ደግሞ በእሷ ጥሪ ተረፉ። አስከሬኗ የተገኘው ከወራት በኋላ ከከተማዋ ርቆ ነው።

የፎልሰም ሰዎች ስለዚያ ጎርፍ ሲያወሩ በአብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃሉ። ጎርፉ ግን ሌላም ሥራ ሠርቶ ነበር። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው የከብት ርቢ መሬት ላይ “የዱር ፈረስ” የሚባለውን ቦረቦር አዲስ አድርጎ ፈልፍሎታል። ሽቦ አጥሩንም በጣጥሶታል። አጥር ሲበጠስ ከብት ይጠፋል፤ ስለዚህ ውኃው ከጎደለ በኋላ የርቢው አለቃ በፈረሱ ሆኖ ጉዳቱን ሊያይ ወጣ።

አለቃው ጆርጅ ማክጀንኪን ይባላል። ዕድሜው ያን ጊዜ ከሃምሳ አልፏል። በ1850ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ቴክሳስ ውስጥ በባርነት ተወልዶ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ ነፃ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የአባት ስሙ አድርጎ የሚጠራበትም የጌታው ስም ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ልጁ ከሜክሲኮ ከብት ነጂዎች ፈረስ መግራትና ገመድ መወርወር ተማረ፤ ስፓኝኛውንም እግረ መንገዱን ቀሰመ። ማንበብ ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም። ለነጮች ልጆች ፈረስ መጋለብ እያሳየ፣ እነሱ ደግሞ ፊደል እያሳዩት ነው የቆጠረው ይባላል። ቫዮሊን ይጫወታል። ኮርቻው ላይ ቴሌስኮፕ ይዞ ይዞራል፤ ቀን ከብቱን ያይበታል፣ ሌሊት ሰማዩን። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ጥቁር ሰው ነጭ ሠራተኞችን ሲያዝ ማየት ብርቅ ነበር። ማክጀንኪን ግን ክሮውፉት በሚባለው ርቢ ላይ አዛዥ ነበር።

ቦረቦሩ ጋ ሲደርስ ውኃው በሸረሸረው ግድግዳ ላይ አጥንት ተሰክቶ አየ። ከሣሩ ሥር ሦስት ሜትር ያህል ወርዶ ነው። ዕድሜውን ከከብት ጋር የኖረ ሰው የላም አጥንት አይሳሳትም። ባይሰን የሚሉትን የአሜሪካ ጎሽም ያውቀዋል፤ ነጮቹ አዳኞች በመንጋ ሲጨርሱት በዚያው ሜዳ ላይ ነበር። ይህ የጎሽ አጥንት ይመስላል፤ ነገር ግን ከሚያውቀው ጎሽ ገዝፏል። ደግሞስ እዚህ ጥልቀት ላይ ምን ይሠራል? ሦስት ሜትር አፈር በላዩ እስኪከመርበት ድረስ ስንት ዘመን ተኝቷል?

አጥንት ወስዶ ቤቱ አኖረ። ቦታውን “የአጥንት ጉድጓድ” ብሎ ጠራው። ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ስለ ጉድጓዱ ይነግር ነበር። መጥቶ የሚያይለት ግን አልተገኘም።

እዚህ ላይ ስለ አገሩ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ማክጀንኪን አጥንቱን ሲያገኝ ኒው ሜክሲኮ ገና ክፍለ ግዛት አልሆነችም። ከሜክሲኮ በጦርነት ከተወሰደች ስልሳ ዓመት አልፏት፣ ገዥዋን ዋሽንግተን እየሾመላት ደጅ ትጠና ነበር። የሕዝቧ ብዙው ስፓኝኛ ተናጋሪና የአገሩ ነባር ሕዝብ ስለሆነ የዋሽንግተን እንደራሴዎች ሊቀበሏት አቅማምተዋል። 47ኛዋ ክፍለ ግዛት ሆና የገባችው ጃንዋሪ 6 ቀን 1912 ነው። ከጊዜ በኋላ የአሜሪካን የሰው ልጅ ታሪክ ወደ ኋላ የሚገፋው ጉድጓድ፣ አሜሪካ ገና በሙሉ ልቧ ያልተቀበለቻት ምድር ላይ፣ ሙሉ ዜጋ ተደርጎ በማይቆጠር ሰው እጅ ነው የተገኘው።

ከፎልሰም ወደ ምዕራብ ራቶን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ካርል ሽዋክሃይም የተባለ ቀጥቃጭ ይኖር ነበር። የድሮ ነገር ይወዳል፤ ድንጋይ፣ ቀንድ፣ አጥንት ይሰበስባል። ግቢው ውስጥ ሁለት ወንድ ኤልክ አጋዘኖች ሲዋጉ ተቆላልፎባቸው የሞቱበትን ቀንድ እንደ ጌጥ አቁሞታል። ማክጀንኪን ለሌላ ጉዳይ ራቶን ሄዶ ያን ቀንድ አየ፤ ቆሞ ከሰውዬው ጋር ወግ ጀመረ፤ ወጉም ወደ አጥንት ጉድጓዱ አመራ ይላሉ። ደስ የሚለኝ ይህ ነው፤ ሁለት ቀጥቃጭ ቤት ያፈራቸው ሰዎች፣ አንዱ የቀጥቃጭ ልጅ፣ አንዱ ራሱ ቀጥቃጭ፣ በአጥንት ፍቅር ተግባቡ። ሽዋክሃይም ግን መኪና የለው፣ መንገዱ ሩቅ፣ የዕለት ሥራው አላስለቀቀው። ዛሬ ነገ ሲል ዓመታት አለፉ።

ማክጀንኪን ጃንዋሪ 1922 ፎልሰም ውስጥ ሞተ። ጉድጓዱን ካገኘ 13 ዓመት አልፎታል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሽዋክሃይም ከፍሬድ ሃዋርዝ ከተባለ የራቶን ባንክ ሠራተኛና ከሌሎች ጋር በመጨረሻ ወደ ቦረቦሩ ሄደ። አጥንቱ ማክጀንኪን እንዳለው እዚያው ነበር። በጆንያ ሞልተው ተመለሱ።

ነገሩ እንደገና ሦስት ዓመት ተኛ። በ1926 መጀመሪያ ሽዋክሃይምና ሃዋርዝ ዴንቨር ሄዱና የኮሎራዶ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዳይሬክተር የነበረውን ጄሲ ፊጊንስንና የቅሪተ አካል ባለሙያውን ሃሮልድ ኩክን አገኙ። ኩክ አጥንቱን ሲያይ ዛሬ ካለው ጎሽ የተለየ፣ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው ባይሰን መሆኑን አወቀ። ሙዚየሙ የፈለገው ለትርዒት የሚቆም ሙሉ አጽም ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። በበጋው ቁፋሮ ተጀመረ። ሽዋክሃይምም ቆፋሪ ሆኖ ተቀጠረ።

በጁላይ 1926 ከቆፈሩት አፈር መካከል የተሰበረ የጦር ጫፍ ወጣ። ሰው የጠረበው ባልጩት ነው። የጠፋ እንስሳ አጥንት ባለበት ጉድጓድ ውስጥ የሰው እጅ ሥራ!

በሚሊዮን ለሚቆጥር አንባቢ ይህ ምኑ ያስደንቃል? ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ እሷም የተገኘችው ሐዳር ላይ ውኃ በሸረሸረው ቦረቦር ውስጥ ነው። በአሜሪካ ግን ክርክሩ የሚሊዮን አልነበረም። ሰው በዚያ አህጉር ከጥቂት ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል ወይስ አልኖረም የሚል ነበር። የዚህ ሙግት ትልቁ ተከራካሪ በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን የተቀመጠው፣ በቦሔሚያ የተወለደው አሌሽ ህርድሊችካ ነው። ጥንታዊ ሰው አገኘን እያለ የሚመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ረትቶ ሲመልስ ኖሯል። እልኸኛ ነበር፤ ግን በአብዛኛው እውነቱን ነበር። ከዚያ በፊት የቀረቡት ማስረጃዎች ብዙዎቹ አይጥ የቆፈረችው ጉድጓድ፣ ውኃ ያገላበጠው አፈር፣ ያልተጠነቀቀ ቆፋሪ ያደባለቀው ነገር ሆነው ነው የተገኙት። ባለ ማስረጃዎቹ ይርገሙት እንጂ፣ እሱ ባይኖር የአሜሪካ ቅድመ ታሪክ ምን ያህል ተረት ይሞላበት እንደነበር ሳስበው ለክፉ አፉ ይቅርታ አደርግለታለሁ።

የፊጊንስም ጉድለት ይኸው ነበር። ጫፉ ከአጥንቱ ጋር አብሮ ሲተኛ ያየ ማን ነው? ማንም። ከተዛቀ አፈር ውስጥ ነው የተለቀመው። ከላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ፊጊንስ በ1927 ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ህርድሊችካን ራሱን አነጋገረው። ይሰድበኛል ብሎ ሳይሆን አይቀርም የሄደው፤ ሰውዬው ግን በጨዋ ቃል ተቀብሎት ምክር ሰጠው፤ ዳግመኛ ስታገኝ አትንካው፤ ካለበት ሳታነሣ ለሁላችንም ቴሌግራም ላክ፤ መጥተን በዓይናችን እንይ።

ፊጊንስ ለቆፋሪዎቹ ጥብቅ ትእዛዝ አስተላለፈ። በዚያ በጋ ሽዋክሃይም ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አፈሩን በቢላና በብሩሽ ያነሣ ነበር። ኦገስት 29 ቀን 1927 ከጎሽ ጎድኖች መካከል የባልጩት ጫፍ ብቅ አለ። ቀጥቃጩ እጁን ሰበሰበ። ወሬው ዴንቨር ደረሰ፤ ዴንቨርም ቴሌግራሙን በተነችው።

መጀመሪያ ከደረሱት አንዱ ባርነም ብራውን ነው። ከኒው ዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የመጣው ይህ ሰው ቲራኖሳውረስ ሬክስ የተባለውን ዳይኖሰር በሞንታና ያገኘ ሰው ነው፤ አጥንት በማወቅ የሚስተካከለው አልነበረም። ከስሚዝሶኒያን ፍራንክ ሮበርትስ መጣ። እሱ በዚያን ሰሞን በዚሁ ክፍለ ግዛት ፔኮስ ላይ የደቡብ ምዕራቡ አርኪዮሎጂስቶች የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን ሲያደርጉ እዚያ ነበር። ጉድጓዱን እንዳየ ለጉባኤው አስተናጋጅ ለአልፍሬድ ኪደር ደወለለት፤ ኪደርም መጣ። ኪደር በዘመኑ ቃሉ የሚታመን አርኪዮሎጂስት ነበር። ህርድሊችካ ራሱ አልመጣም።

እንግዲህ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ሰዎች ተንበርክከው ወደ ውስጥ ሲያዩ አስቡት። ተሟጋቾቹ እማኝ ሆነው ቆመዋል። አፈሩ አልተነካም። የአይጥ ጉድጓድ የለም። ጎድኑ እዚህ፣ ጎድኑ እዚያ፤ በመካከሉ ጦር። ሙግቱ በዚያ ሳምንት አለቀ። ሰው በበረዶው ዘመን ማብቂያ አሜሪካ ውስጥ ነበረ፤ አድኖም በልቷል።

በቀጣዩ ዓመት የብራውን ሙዚየም ቁፋሮውን ተረከበ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ጥናት ሁሉ ተደምሮ 32 ያህል ጎሾች በአንድ ጊዜ እንደታረዱ ታወቀ። የግልገሎቹ ዕድሜ ሲሰላ አደኑ የተካሄደው በመጸው ወራት እንደነበር ይጠቁማል። የጅራት አጥንት ከብዙዎቹ ጎድሏል። ይህን የሚረዳ የትም አገር ያለ ገፋፊ ነው፤ ቆዳ ሲገፈፍ ጅራቱ ከቆዳው ጋር ይሄዳል። አዳኞቹ ቆዳውን ወስደዋል ማለት ነው፤ ክረምት እየመጣባቸው ነበርና።

ጦሩም ተራ አይደለም። ቀጭን ነው፤ በሁለቱም ገጹ ከግርጌ እስከ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው ቦይ ወጥቶለታል። ያን ቦይ ለማውጣት ባለሙያው መላውን ጫፍ ጠርቦ ጨርሶ፣ በመጨረሻ አንድ ረጅም ስንጣሪ በአንድ ምት ማስለቀቅ አለበት። ምቱ ከሳተ የቀኑ ድካም ለሁለት ይከፈላል። ዛሬ ድንጋይ መጥረብ የሚሞክሩ ባለሙያዎችም ብዙ ሰብረው ነው አንድ የሚያወጡ። ለምን ይህን ያህል ደከሙበት? ወደ ዘንጉ እንዲገጥም ነው የሚሉ አሉ፤ ለማማር ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል፤ ሰው ለሞያው ሲኮራ ለጥቅምና ለውበት ልዩነት አያደርግም።

የጦሩ ዓይነት በከተማዋ ስም “ፎልሰም” ተባለ። ከተማዋ ደግሞ የተሰየመችው በፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ ሙሽራ በፍራንሲስ ፎልሰም ነው። ስለዚህ ሴትየዋ ሳታስበው የበረዶ ዘመን አዳኞች በስሟ ይጠራሉ። ማክጀንኪን ግን የትም አልተጠራም። ኋላ በራዲዮካርቦን ሲለካ ጉድጓዱ ከ12,000 ዓመት በላይ መሆኑ ታወቀ።

ከፎልሰም በኋላ ኒው ሜክሲኮ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለችም። በ1929 ከክፍለ ግዛቷ ምሥራቃዊ ወሰን፣ ክሎቪስ አጠገብ፣ ሪጅሊ ዋይትማን የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ያገኘውን የጦር ጫፍ ለስሚዝሶኒያን አሳወቀ። እዚያ በ1930ዎቹ ሲቆፈር ከፎልሰሙ ዝቅ ባለው ደለል ከማሞዝ አጥንት ጋር ሌላ፣ ከፎልሰም የሚቀድም ዓይነት ጦር ወጣ፤ ወደ 13,000 ዓመት ገደማ። የህርድሊችካን ግድግዳ ያፈረሱት ሰዎች ልጆች በተራቸው አዲስ ግድግዳ ሠሩ፤ ከክሎቪስ በፊት በአሜሪካ ሰው አልነበረም አሉ። ያንን ለማፍረስ ደግሞ ከቺሊ የሞንቴ ቬርዴ ቁፋሮ መምጣት ነበረበት፤ በ1997 ተጠራጣሪዎቹ ራሳቸው ሄደው በዓይናቸው እስኪያዩ ድረስ አልተሸነፉም። ልክ በፎልሰም እንደሆነው።

የመጨረሻው ግኝት ደግሞ በክፍለ ግዛቷ ደቡብ ነው። ዋይት ሳንድስ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ አሸዋው ጄሶ ስለሆነ እንደ በረዶ ነጭ ነው። ዙሪያውን የሚሳይል መሞከሪያ ነው፤ በ1945 የመጀመሪያው አቶም ቦምብ የፈነዳበትም ቦታ በዚያው መሞከሪያ ሰሜናዊ ጫፍ ይገኛል። በጥንት ዘመን እዚያ ትልቅ ሐይቅ ነበር። በሐይቁ ዳር የሄዱ ሰዎች ዱካ በጭቃው ላይ ደርቆ፣ ተቀብሮ፣ አሁን እየተገለጠ ነው። አብዛኛው የወጣቶችና የሕፃናት እግር ነው። በሴፕቴምበር 2021 ዱካዎቹ ከ21,000 እስከ 23,000 ዓመት እንደሆናቸው ተጽፎ ወጣ።

ወዲያው ተቃውሞ ተነሣ። ዕድሜው የተለካው ከዱካው በላይና በታች ባለው ደለል ውስጥ በተገኘ የውኃ ሣር ዘር ነው። የውኃ ሣር ደግሞ ከድንጋይ የሟሟ አሮጌ ካርቦን ከውኃው ስለሚወስድ ከእውነተኛ ዕድሜው በላይ ሊያስረጅ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ገቡ። በዚህ ጊዜ በየብስ ላይ ከበቀሉ የዛፎች ብናኝ፣ በአሥር ሺዎች እየለቀሙ፣ ካርቦኑን ለኩ። የደለሉ ቅንጣት ብርሃን ካየ ስንት ዘመን እንደሆነውም በሌላ ዘዴ ፈተሹ። በ2023 ያወጡት መልስ ያው ነበር። ሙግቱ ግን አሁንም ጨርሶ አልሞተም፤ ህርድሊችካ ቢኖር ደስ ይለው ነበር።

የአገሩ ነባር ሕዝቦች በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ያሉት አንድ ቃል ነው፤ እኛ ሁልጊዜም እዚህ ነበርን። ከ23,000 ዓመት በኋላ “ሁልጊዜም” የሚለው ቃል የሚያስቅ አይመስልም።

ወደ ማክጀንኪን ልመለስ። በ1920ዎቹ የወጡት ሪፖርቶች ለፊጊንስ፣ ለኩክና ለሽዋክሃይም ቦታ ሰጡ። ጥቁሩ የርቢ አለቃ ከሞላ ጎደል ተረሳ። ከአርባ ዓመት በኋላ ጆርጅ አጎጊኖ የተባለ አርኪዮሎጂስት የፎልሰምን ሽማግሌዎች እየዞረ ጠየቀና መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ ከአፋቸው ሰማ። በ1973 ደግሞ የማክጀንኪን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ ወጣ። የደራሲው ስም፣ ካላመናችሁ አልፈርድባችሁም፣ ፍራንክሊን ፎልሰም ነው። ከከተማዋ ጋር ዝምድና ስለነበረው አይደለም፤ ስሙ እንዲያው ገጠመ። በ2019 በኦክላሆማ ያለው የካውቦይ ሙዚየም ከታላላቆቹ የምዕራብ ሰዎች ጋር ስሙን አስገባው።

በዴንቨር ሙዚየም ውስጥ ሁለቱ ጎድኖችና በመካከላቸው ያለው ጦር ከነአፈሩ ተቆርጦ እንደወጣ ይታያል። እስከ ዛሬ አልተነቀለም። ፎልሰም ራሷ ግን ከጎርፉ በኋላ አላገገመችም፤ ዛሬ ነዋሪዎቿ ጥቂት አሥሮች ናቸው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ መቃብር አለ። የስልክ ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው ለሳራ ሩክ ያቆሙላት ድንጋይ እዚያ ነው። የማክጀንኪንም መቃብር እዚያው ነው፤ አንድ ጎርፍ ያገናኛቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ሣር ሥር ተኝተዋል።